«እኔ ጋ ይሠራል፤ ሰርቨሩ ላይ ለምን ወደቀ?» ፓኬጅ ለሚሠሩ ሰዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ፓኬጅ (ሊኑክስ ላይ እንዲጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም) የምንሠራ ሰዎች ብዙ አይደለንም። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አካባቢ ቡና ይዘን ላፕቶፕ ስንከፍት ግን ያው ጥያቄ ይነሳል። አንዱ «ኧረ እኔ ጋ ያለችግር አልፏል!» ይላል። ሌላው ፓኬጁን ከኮድ የሚሠራው (ቢልድ የሚያደርገው) የፕሮጀክቱ ሰርቨር የላከለትን ረጅም የሥራ መዝገብ (ሎግ) ያሳያል። በቴሌግራም የሚጽፉልኝም ከዚህ ብዙም አይርቁም። ስለዚህ መልሶቹን አንድ ቦታ ሰብስቤአቸዋለሁ። ምሳሌዎቼ በብዛት ከዴቢያን ሊኑክስ ናቸው፤ በየቀኑ የምሠራው በእሱ ነው። ነገሩ ግን ለሌሎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች፣ ለፌዶራም ለኦፐንሱሴም፣ ያው ነው።

ላፕቶፔ ላይ በደንብ የሚሠራው ፓኬጅ ሰርቨሩ ላይ ለምን ይወድቃል?

ላፕቶፓችሁ የተኖረበት ቤት ስለሆነ ነው። አምና ለትምህርት ብላችሁ የጫናችሁት ላይብረሪ አለ። ለሌላ ሥራ የነካካችሁት ሴቲንግ አለ። ረስታችሁታል፤ ኮምፒውተሩ ግን አልረሳም። ሰርቨሩ በተቃራኒው ለእያንዳንዱ ፓኬጅ ባዶ ክፍል ይከፍታል። ሥራው ሲያልቅ ክፍሉን አፍርሶ ይጥለዋል።

አክስቴ ውጭ አገር ላለች ልጇ የዶሮ ወጥ አሠራር በስልክ ስትነግር ሰምቼ አውቃለሁ። ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ሁሉንም በዝርዝር ነገረቻት። ንጥር ቅቤውን ግን አልጠራችም። እሷ ቤት ቅቤው ሁሌም መደርደሪያው ላይ አለ፤ ማን ልብ ይለዋል? ልጅቷ ቤት ግን የለም። አብዛኛው የቢልድ ውድቀት ይኸው ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ፓኬጅ አደርግ ነበር። ፎንቱ የሚሠራው በፓይተን በተጻፈ መሣሪያ ነው። ያንን መሣሪያ ከወራት በፊት በፒፕ (የፓይተን መጫኛ) ጭኜው ነበር፤ እቤቴ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ላፕቶፔ ላይ 2 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አለቀ። ላክሁት። ሰርቨሩ «እንዲህ የሚባል ሞጁል የለም» ብሎ መለሰው። ሄጄ ሳይ የዲፔንደንሲ ዝርዝሩ (ቢልዱ የሚፈልጋቸው ነገሮች ዝርዝር) ላይ መሣሪያውን አልጻፍኩትም። መሣሪያውን ብቻ አይደለም፤ ፓይተንንም አልጻፍኩም! የዴቢያን ባዶ ክፍል ውስጥ የሲ እና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር፣ ሜክ (የቢልድ ሥራዎችን የሚያስኬደው ፕሮግራም) እና ጥቂት መሠረታዊ ነገር ይኖራል። ፓይተን 3 እዚያ የለም። በእጃችሁ ካልጠራችሁት አይመጣም።

«ኦፊሴላዊ ቢልድ ሰርቨር» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ፓኬጅ ጠባቂው፣ ማለትም ፓኬጁን የሚያዘጋጀው ሰው፣ ሶርሱን (የፕሮግራሙን ኮድ) ይልካል። ተጠቃሚው የሚጭነውን ባይነሪ የሚሠራው ግን የፕሮጀክቱ ማሽን ነው። ዴቢያን እነዚህን ማሽኖች «ቢልድዲ» ይላቸዋል። ፌዶራ «ኮጂ» አለው። ኦፐንሱሴ «ኦፐን ቢልድ ሰርቪስ» አለው። ኡቡንቱ «ላውንችፓድ»ን ይጠቀማል።

ለምን እንዲህ ሆነ? በሰው ላፕቶፕ ላይ የተሠራ ባይነሪ ውስጥ ምን እንደገባ ማንም ማረጋገጥ አይችልም፤ ባለቤቱም ጭምር። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2019 ቁርጥ ያለ ውሳኔ አሳለፈ። ጠባቂው ራሱ ሠርቶ የጫነው ባይነሪ ወደ ቀጣዩ እትም አያልፍም፤ የሚያልፈው ቢልድዲ የሠራው ነው። እኔ ይህንን ውሳኔ እወደዋለሁ። ሐዋሳ ያለ ተማሪም፣ በርሊን ያለ ባለሙያም የሚዳኙት በአንድ ማሽን ነው።

እቤቴ እንደ ሰርቨሩ ለመሥራት የትኛውን መሣሪያ ልጠቀም?

ሰርቨሩ ራሱ የሚጠቀመውን። «ይመስላል» የሚባለውን አይደለም።

ለዴቢያን ኤስቢዩልድ ነው። ቢልድዲዎቹ የሚሠሩት በእሱ ነው፤ ላውንችፓድም ውስጡ እሱን ያሠራል። ለፌዶራ ሞክ ነው። ኮጂ ሥራውን የሚያሠራው በሞክ ነው፤ የሚጠቀምበትን የሞክ ኮንፊግም አውጥቶ ይሰጣችኋል። ለኦፐንሱሴ ኦኤስሲ የሚባለው ኮማንድ ባዶ ክፍል ከፍቶ እዚያው ላፕቶፓችሁ ላይ ቢልድ ያደርጋል። አርች ሊኑክስም ዴቭቱልስ የሚባል የራሱ መሣሪያ አለው።

ፒቢዩልደር የሚባለው ሌላው የዴቢያን መሣሪያስ? ብዙ ሰው ይጠቀመዋል፤ መጥፎ አይደለም። ከዜሮ ለሚጀምር ግን ኤስቢዩልድን ነው የምመክረው። አዲሱ አሠራሩ የሩት (ሁሉ የሚፈቀድለት ተጠቃሚ) ፈቃድ እንኳን አይጠይቅም። ባዶውን ክፍል በአንድ የታመቀ ፋይል ያስቀምጠዋል፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ፈትቶ ይጠቀማል፤ ሲጨርስ ይጥለዋል።

ላፕቶፔ ላይ ያለው ኡቡንቱ ነው። ለዴቢያን መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ወሳኙ ክፍሉ ውስጥ ያለው ነው። ኡቡንቱ ላይ ሆናችሁ የዴቢያን ሲድ (ገና ያልወጣው፣ ሁልጊዜ የሚለወጠው እትም) ክፍል መክፈት ይቻላል። መጀመሪያ የዴቢያንን የፊርማ ቁልፎች የያዘውን ፓኬጅ ጫኑ፤ እሱ ከሌለ የሚወርደው ፓኬጅ እውነተኛ መሆኑ አይረጋገጥም፣ ሥራውም አይጀመርም። አዲስ ፓኬጅ የሚላከው ወደ ሲድ ስለሆነ ክፍላችሁም ሲድ ይሁን። ባለፈው እትም ክፍል ሞክሮ «አለፈ» ማለት አይሠራም።

ዶከር (ፕሮግራሞችን ለብቻቸው ለይቶ የሚያሠራው መሣሪያ) አለኝ። አይበቃም?

ከምንም ይሻላል። የረሳችሁትን ዲፔንደንሲ በደንብ ያጋልጣል። ግን እንደ ሰርቨሩ አይደለም። ሦስት ቦታ ሲለያዩ አይቻለሁ።

አንደኛ፣ ዶከር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሩት ሆናችሁ ነው የምትሠሩት። ሰርቨሩ ተራ ተጠቃሚ ነው። «ይህንን ፋይል መጻፍ መከልከል አለበት» የሚል ቴስት ካለ ለሩት አይከለከልም፤ ውጤቱ ይገለበጣል። ሁለተኛ፣ ዶከር ውስጥ ኢንተርኔት አለ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ኤስቢዩልድ የተጠቃሚውን ቤት ፎልደር ወደሌለ ቦታ ያዞረዋል። እውነት የለም፤ ስሙም «የማይኖር» ነው። እዚያ ካሽ፣ ማለትም ጊዜያዊ ፋይል፣ መጻፍ የሚፈልግ ፕሮግራም ወዲያው ይቆማል። ዶከር ውስጥ ግን ቤቱ አለ፤ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይጽፋል፤ እናንተም አታውቁም።

ሰርቨሩ ኢንተርኔት የለውም የሚባለው እውነት ነው?

በቢልድ ሰዓት፣ አዎ። የተጻፉት ዲፔንደንሲዎች አስቀድመው ይጫናሉ፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል። የዴቢያን ፖሊሲ በቢልድ ጊዜ ከውጭ ማውረድን ይከለክላል። ኮጂም፣ ኦፐን ቢልድ ሰርቪስም፣ ላውንችፓድ ላይ ያሉት የግል ማከማቻዎችም እንዲሁ ዝግ ናቸው።

ስለዚህ ቢልዱ መሀል ላይ ከኤንፒኤም፣ ከፒፕ ወይም ከካርጎ የሚያወርድ ነገር ካለ ይወድቃል። ለእኛ ይህ ሕግ ጥሩ ነው። በሚገዛ የኢንተርኔት ዳታ ለሚሠራ ሰው ቢልድ በተደረገ ቁጥር ያው ፋይል ባይወርድ ይመረጣል። ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ዋይፋዩን አጥፍቶ መሞከር ነው። ከኤስቢዩልድ ውጭ ስሠራ እኔ እንዲያ ነው የማደርገው።

ባዶ ክፍል በየጊዜው መክፈት ዳታ አይጨርስም?

ይጨርሳል፤ ካልተዘጋጃችሁበት። በተከፈተ ቁጥር ዲፔንደንሲዎቹ እንደ አዲስ ይወርዳሉ። ትልልቅ ኮምፓይለሮችና የዶክመንት መሣሪያዎች ካሉበት አንድ ቀን ሙሉ ሙከራ የወር የኢንተርኔት ዳታችሁን ሊበላ ይችላል።

መፍትሔው አፕት ካቸር ኤንጂ ነው። አንዱ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ በፖርት 3142 ይቀመጣል። ክፍሉ ፓኬጅ ሲፈልግ መጀመሪያ እሱን ይጠይቃል። አንዴ የወረደ ሁለተኛ አይወርድም። እኛ አንዱ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ጭነነው በአንድ ራውተር ሰባት ሰው እንጠቀምበታለን። የመጀመሪያው ሰው ሲያወርድ እንጠብቃለን፤ ከዚያ ለሌሎቻችን በቅጽበት ይደርሳል። አድራሻውን በኤችቲቲፒ እንጂ በኤችቲቲፒኤስ አታድርጉት። ካቸሩ የተመሰጠረውን አይቶ ማስቀመጥ አይችልም። ደኅንነቱስ ካላችሁ፣ አፕት (የዴቢያን ፓኬጅ ጫኚ) የዴቢያንን ፊርማ ራሱ ስለሚያረጋግጥ በመንገድ ላይ የተነካካ ፋይል አይቀበልም።

የባዶው ክፍል ፋይል ደግሞ በፍላሽ ይዞራል። አንድ ሰው ያዘጋጃል፤ ሌላው ኮፒ ያደርጋል። ጥቅሙ የዳታ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት ክፍል ውስጥ እንሠራለን ማለት ነው።

መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

ላፕቶፑ ባትሪ አለው። ራውተሩ ነው ከመብራቱ ጋር የሚሄደው። እየወረደ ያለ ዲፔንደንሲ ይቋረጣል፤ ቢልዱ ይወድቃል። መሠረቱ በታመቀ ፋይል ስለተቀመጠ ግን ምንም አይበላሽም። ግማሽ የተሠራው ክፍል ይጣላል፤ ካቸሩ የወረደውን ይይዛል፤ መብራት ሲመጣ እንደገና ታስጀምራላችሁ። ላፕቶፓቸው ላይ በቀጥታ ቢልድ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው ግማሽ የተጫነ ፓኬጅ ይዘው የሚቀሩት።

ላፕቶፔን በአማርኛ ነው የምጠቀመው፤ ሰዓቱም የአዲስ አበባ ነው። ችግር አለው?

ላፕቶፑን በአማርኛ ተጠቀሙበት፤ እኔም እንዲያ ነው የማደርገው። ቢልዱ ግን ያንን ማየት የለበትም።

አንዲት ጓደኛችን ሁለት ቀን የፈጀባት ነገር ነበር። ቴስቱ ሰርቨሩ ላይ ያልፋል፤ እሷ ጋ ይወድቃል። የተገላቢጦሽ ማለት ነው። አብረን ተቀምጠን ሎጉን ስናወርድ አንድ መስመር ላይ «ኖቬምበር» የሚል ቃል በፊደላችን ተጽፎ አየን። ፕሮግራሙ ቀኑን ከሲስተሙ ይጠይቃል፤ ሲስተሙ በአማርኛ ሎኬል (የቋንቋና የአገር ሴቲንግ) ስለሆነ የወሩን ስም በግዕዝ ፊደል ይሰጠዋል። ቴስቱ ደግሞ የሚጠብቀው በላቲን ፊደል የተጻፈውን ነበር። ሎኬሉን ወደ ገለልተኛው፣ ማለትም «ሲ» ወደሚባለው፣ ስንቀይር በአንድ ጊዜ አለፈ። የፊደል ቅደም ተከተልም እንዲሁ ነው። ገለልተኛው ሎኬል ትልልቆቹን የላቲን ፊደላት ከትንንሾቹ ሁሉ ያስቀድማል፤ ሌሎች ሎኬሎች ያቀላቅሏቸዋል። የፋይል ዝርዝር የሚደረድር ስክሪፕት ካለ ውጤቱ ይለያያል።

ሰዓቱ የበለጠ ተንኮለኛ ነው። እኛ ከዓለም መነሻ ሰዓት፣ ከዩቲሲ፣ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኑ እኛ ጋ ተቀይሯል፤ በዩቲሲ ግን ገና ትናንት ነው። ማታ የሚሠራ ሰው ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው በዚያው ሰዓት ነው! ቀን የሚያነጻጽር ቴስት ሌሊት ወድቆ ጠዋት ሲያልፍ ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን። ክፍሉ ውስጥ ሰዓቱ ዩቲሲ፣ ሎኬሉ ገለልተኛ ይሁን። ከዚያ ሆን ብላችሁ በአማርኛ ሎኬልና በአዲስ አበባ ሰዓት አንዴ ድገሙት። ያኔም ማለፍ አለበት፤ የእኛ ሰው የሚጠቀመው እንደዚያ ነውና።

ክፍሉን በየስንት ጊዜው ላድሰው?

ለሲድ ከመላካችሁ በፊት ሁልጊዜ። የዴቢያን ማከማቻ በቀን 4 ጊዜ ይታደሳል። የሰኞ ክፍላችሁና የሐሙሱ ሰርቨር አንድ አይደሉም። ኮምፓይለሩ በመሀል ከተቀየረ ትናንት ማስጠንቀቂያ የነበረው ዛሬ ኢረር ሊሆን ይችላል። የወጣ እትም ላይ ከሆነ የምትሠሩት ለውጡ ትንሽ ነው፤ ያን ያህል አትቸኩሉ።

ሎጉ በጣም ረጅም ነው። ከየት ልጀምር?

ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ የመጀመሪያውን ኢረር እስክታገኙ። የመጨረሻው መስመር «አልተሳካም» ብቻ ነው የሚለው። ከዚያ የእናንተን ሎግና የሰርቨሩን ጎን ለጎን ክፈቱ። የተጫኑት ፓኬጆች ዝርዝር ከነእትም ቁጥራቸው ሁለቱም ላይ አለ። ልዩነቱን በዓይን ሳይሆን በዲፍ (ሁለት ፋይል በሚያነጻጽረው ኮማንድ) ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይብረሪ እናንተ ጋ አሮጌ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ቴስቱ አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይወድቃል። ይህስ?

የፕሮሰሰር ኮር ብዛት ይሆናል። ሜክ ሥራዎችን በትይዩ ሲያስኬድ አንዱ ፋይል ሳይዘጋጅ ሌላው ሊፈልገው ይችላል። ባለ 4 ኮር ላፕቶፕ ላይ በዕድል ቅደም ተከተሉ ይገጥማል፤ ብዙ ኮር ያለው ሰርቨር ላይ አይገጥምም። አንዴ በአንድ ጊዜ 1 ሥራ ብቻ፣ አንዴ ላፕቶፑ ከሚችለው በላይ እያስኬዳችሁ ሞክሩ። በ1 እያለፈ በብዙ ከወደቀ የጎደለው ሜክፋይሉ (የሜክ የሥራ ዝርዝር) ውስጥ ነው። ሰርቨሩን አትውቀሱት።

ሁሉንም አመሳሰልኩ። ፋይሉ ግን ባይት በባይት አንድ አይደለም።

ጥሩ ቦታ ደርሳችኋል። ዴቢያን ውስጥ ፋይሉን ባይት በባይት አንድ የማድረግ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የተጀመረው፤ ዛሬ ብዙ ፕሮጀክቶች አብረው ይሠሩበታል። ዓላማው ማንም ሰው ከዚያው ሶርስ ያንኑ ፋይል ሠርቶ ማመሳከር እንዲችል ነው።

ሁለቱን ፋይሎች ዲፎስኮፕ ለሚባለው መሣሪያ ስጡት። የታመቀውን እየፈታ፣ የውስጡን እየገለጠ ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳያችኋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቀን ነው። እኔ ፎንቱ ላይ ያገኘሁትም እሱን ነበር። ማንኛውም ትሩታይፕ ፎንት ሲፈጠርና ሲቀየር ያለውን ሰዓት ውስጡ ይይዛል። ስለዚህ ዛሬና ነገ የተሠራው አንድ አይሆንም። ለዚህ «ሶርስ ዴት ኢፖክ» የሚባል ተለዋዋጭ አለ። ፕሮግራሙ የአሁኑን ሰዓት ትቶ የተሰጠውን ይወስዳል። ዴቢያን ላይ ዋጋው ከቼንጅሎጉ (የፓኬጁ የለውጥ መዝገብ) የመጨረሻ ቀን ይመጣል። የፎንት መሥሪያዎቹ ፎንትቱልስም ፎንትፎርጅም ያከብሩታል። በገዛ እጄ የጻፍኩት ትንሽ ስክሪፕት ነበር የማያከብረው፤ እሱን ሳስተካክል ሁለቱ ፋይሎች አንድ ሆኑ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የፎልደር አድራሻ ነው። የቤታችሁ ፎልደር ስም ባይነሪው ውስጥ ተጽፎ ከቀረ ከተጠቃሚ ስማችሁ ጋር ለዓለም ይሄዳል።

ላፕቶፔ ላይም ባዶው ክፍል ውስጥም ያልፋል። ኤአርኤም 64 በሚባለው ፕሮሰሰር ላይ ብቻ ይወድቃል።

ይህ በተለይ ለእኛ ይመጣል፤ ምክንያቱን በቅርብ ላሳያችሁ።

«ሀ» በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር የሚያስቀምጥበት ዘዴ) ሦስት ባይት ናት፦ 225፣ 136፣ 128። ሁሉም ከ127 በላይ ናቸው። የቀሩት የግዕዝ ፊደላትም እንደዚሁ ናቸው። የሲ ቋንቋ «ቻር» የሚለው ዓይነት ኢንቴልና ኤኤምዲ ላይ ኔጌቲቭ ቁጥር መያዝ ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፓችሁ እነዚያን ባይቶች −31፣ −120 እና −128 ብሎ ያነባቸዋል። ኤአርኤም 64 ሊኑክስ ላይ ግን «ቻር» ኔጌቲቭ የለውም፤ 225 ሆኖ ይቀራል። ሪስክ ፋይቭም እንዲሁ ነው። አሁን አንድ ሰው «ባይቱ ከዜሮ በታች ከሆነ የላቲን ፊደል አይደለም» ብሎ ጽፎ እንበል። ላፕቶፑ ላይ «ሀ»ን በትክክል ይለያታል። ኤአርኤም ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ባይት በፍጹም አያገኝም፤ አማርኛውን ሁሉ እንደ ላቲን ይቆጥረዋል።

ይህንን ባዶ ክፍል ብቻውን አያጋልጠውም፤ ክፍሉ የላፕቶፓችሁን ፕሮሰሰር ነው የሚጠቀመው። ሌላ ፕሮሰሰርን በሚያስመስለው ኪውኢምዩ የኤአርኤም ክፍል መክፈት ይቻላል። ቀርፋፋ ነው፤ ትልቅ ፓኬጅ ከሆነ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጉ። ባይት የምታነጻጽሩበት ቦታ ሁሉ ዓይነቱን «አንሳይንድ ቻር» (ኔጌቲቭ የሌለው ቻር) ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። ቴስቶቹ ውስጥ ደግሞ በላቲን ፊደል ከተጻፉት ምሳሌዎች ጎን «ሀዋሳ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ።